ከፎጣው በታች

በ1997 እንደ ፈረንጆቹ፣ በሰመር ነው። አገር ቤት ክረምት ገብቶ ሰዉ ጭቃ ሲረግጥ፣ እዚህ ዳላስ አስፋልቱ ከጫማ ሶል አልላቀቅ ይል ነበር። ከዚያ ሰመር በሰላም ያወጣኝ ጌታ ይመስገን።

የምንኖረው ዳላስ ዳር፣ ፋርመርስ ብራንች፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባለ አፓርታማ ነበር። ባለቤቴ ታደሰ ፎርት ዎርዝ ዌርሃውስ ውስጥ ይሠራል። እኔ ነርሲንግ ሆም እሠራለሁ፤ ማክሰኞ ዕረፍቴ ነው። ልጃችን ሜሮን ኮሌጅ እስክትገባ ድረስ ቪዲዮ ኪራይ ቤት ተቀጠረች። ሠራተኛ የፈለገውን ካሴት ወደ ቤቱ መውሰድ ይችላል ተባለ። ሌላው አዲስ አዲሱን ሲሻማ፣ የእኔ ልጅ ማንም የማይነካውን መደርደሪያ መረጠች። የጃፓን ወሮበሎች ፊልም።

የካሴቱን ሽፋን አየሁት። ጥቁር ሱፍ የለበሰ ሰው፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ሸሚዙ ላይ ቀይ። ቲማቲም እንዳልሆነ ገባኝ።

«ይሄ እዚህ ቤት አይገባም» አልኩ።

«ማሚ፣ አርት ነው እኮ።»

«ደም ነው።»

«ኦኬ፣ ግን ሳታዪው እንዴት ጀጅ ታደርጊያለሽ?»

እዚህ ላይ ተያዝኩ። በቤታችን ሕግ አለ፤ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። እኔ መርምሬ ያላሳለፍኩት መጽሐፍ፣ ዘፈን፣ ፊልም ሜሮን ዘንድ አይደርስም። ሕጉ «መርምሬ» ይላል። ሶ፣ መመርመር ነበረብኝ።

ማክሰኞ ዕለት ጸለይኩ፣ የሚተኮሰውን ልብስ ቆለልኩ፣ መጋረጃውን ዘጋሁ። መጋረጃውን የዘጋሁት ለእትዬ ዘነበች ስል ነው። እትዬ ዘነበች ታች ቤት የምትኖር የጎንደር ሰው ናት። እሷ ኦርቶዶክስ፣ እኔ ጴንጤ፤ በሃይማኖት ስንከራከር እንውላለን፣ በርበሬ ስንዋዋስ እናመሻለን። ጴንጤዋ ጠራራ ፀሐይ ላይ ወሮበላ ስታይ አገኘኋት ከተባለ ክርክሩ ያኔ አለቀ ማለት ነው።

ፊልሙ ተጀመረ። ምንም የለም። ያልጠበቅኩት ይህንን ነው። የአሜሪካ ፊልም ከመነሻው ይጮኻል፤ ይሄኛው ዝም ይላል። አንድ ሽማግሌ በመቀስ ትንሽ ዛፍ ይከረክማል። ጥቁር የለበሱ ሰዎች ከኋላው በተርታ ቆመዋል። መቀሱ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ንፋስ የለም፣ ወፍ የለም። አንዱ ገባ፤ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ሌላውም አጸፋውን ጎንበስ አለለት። ከዚያ አረደው።

እኔ ካውያውን እንደያዝኩ ወጥ ቤት ተገኘሁ። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።

ግን ምርመራ ተጀምሮ አይተውም። ቆሜ አሰብኩ። ደም ወደ ታች ነው የሚወርደው። ስለዚህ የወጥ ቤቱን ትልቅ ፎጣ አመጣሁና የቴሌቪዥኑን የታችኛውን ግማሽ ሸፈንኩት፤ በፕላስተር ለጠፍኩት። በዚህ ብልሃቴ ኮርቼ ጌታንም አመሰገንኩ።

ጉድለቱ ቆይቶ ታየኝ። የእንግሊዝኛው ትርጉም የሚጻፈውም ከታች ነው። አሁን ደሙም፣ ወሬውም ከፎጣው በታች ቀረ። ለእኔ የተረፈኝ ከትከሻ በላይ ያለው ጃፓን ነው። ፊት፣ ጣሪያ፣ የመብራት አምፖል። ከትከሻ በታች የሚሆነውን ለጆሮዬ ተውኩት፤ ጆሮዬ ደግሞ ከዓይኔ የባሰ ክፉ ሆኖ ተገኘ። እርጥብ ነገር ሲቀደድ እሰማለሁ። ጠንካራ ነገር ቀሽ ብሎ ሲሰበር እሰማለሁ። ካሮት ነው፣ ካሮት ነው እያልኩ እተኩሳለሁ።

አንድ ጊዜ አንዱ ወጣት በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ነገር በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ ለሽማግሌው ሰጠ። በሁለት እጁ! በዚህ አገር ልጅ ዕቃ ወርውሮ ነው የሚሰጥሽ። እንዲህ ያለ ልጅ ያሳደገች እናት ትባረክ አልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ። ማታ ሜሮንን ስጠይቃት ጨርቁ ውስጥ የነበረው የገዛ ጣቱ ነው አለችኝ። እናቲቱን መባረኬን ግን አላነሳሁም።

በአንድ ፊልም ፍርድ አይሰጥም ብዬ ሁለተኛውን አስመጣሁ። ሦስተኛውንም። ሜሮን ራሷ ከሁለተኛው በኋላ ሰለቻት። ልጅ ናት፤ ቶሎ ይወጣላታል። እኔ ግን ማክሰኞ ሲደርስ ከጠዋት ጀምሮ ልቤ ይመታል። «ማሚ፣ አዲስ አምጥቼልሻለሁ» ትለኛለች፣ መድኃኒት እንደሚያቀብል ሰው።

ምን እንደሳበኝ ብትጠይቁኝ በአንድ ቃል አልመልስም። ሰዎቹ ሽማግሌ ያከብራሉ። ሳይጎነበሱ አይገቡም፣ ሳይፈቀድላቸው አይቀመጡም። ሲናደዱ ድምፃቸው ይቀንሳል። እኛን ይመስላሉ ማለት ከብዶኝ፣ እኛን አይመስሉም ማለትም አቅቶኝ ተቀመጥኩ። ደግሞ ጸጥታው አለ። አንድ ነገር ተማርኩ፤ ጸጥታው ሲረዝም ሰው ይሞታል። ሙዚቃ አያስጠነቅቅሽም። ጸጥታው ብቻ ይረዝማል።

ይህ ትምህርት ከቴሌቪዥኑ ወጥቶ ቤቴ ገባ። ፍሪጁ በረዶውን ጓ ሲያደርግ እዘላለሁ። ታደሰ ከራት በኋላ ብርቱካን በቢላ ሲልጥ፣ ዝም ካለ፣ «አውራ እንጂ!» እለዋለሁ። «ምን ላውራ?» ይላል። «ማንኛውንም ነገር።» ከፓርኪንጉ ጥቁር መኪና ቀስ ብሎ ካለፈ መብራት አጠፋለሁ። ነርሲንግ ሆም ውስጥ አንድ አዛውንት ከአልጋቸው ቀና ብለው በትኩረት ሲያዩኝ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳኋቸው። እሳቸውም ጎንበስ አሉ። ከዚያ በኋላ ያንን ክፍል ለባልደረባዬ ሰጠሁ።

አሁን ስለ እናቴ ልናገር፤ ነገሩ ያለ እሷ አይገባም። እናቴ ናዝሬት ናት። በዚያ ሰመር ታማ ነበር። ስልክ ያለው ጎረቤቷ ቤት ነው፤ ዝናብ ሲበዛ ደግሞ መስመሩ አይሠራም። በተገኘ ጊዜ «እማዬ እንዴት ናት?» ስል «ደህና ናት» ይሉኛል። አገር ቤት ሰው ሁሉ ደህና ነው፤ እስኪቀበር ድረስ ደህና ነው። ስለዚህ «ደህና ናት» በተባልኩ ቁጥር ሰውነቴ ይቀዘቅዛል። እሑድ እሑድ ቸርች ውስጥ ጸልዩልኝ እል ነበር። መታመሟን ዳላስ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል።

በአንዱ ማክሰኞ ያየሁት ፊልም ውስጥ አንድ ልጅ ነበር። ስሙን በፎጣው ምክንያት ስላላነበብኩት ማሙሽ አልኩት። ዓይኑ ያሳዝናል። አይስቅም፣ አይቆጣም። ሌሎቹ ሲሄዱ እሱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የወደቀ ሰው ባየ ቁጥር ጎንበስ ይልለታል። ለአንዱ አይደለም፣ ለሁሉም። በዚህ ሁሉ አራዊት መሐል ደጉ ሳምራዊ ተገኘ አልኩ። ጎንበስ ሲል ከፎጣው በታች ይሰወራል፤ ቀና ሲል ፊቱ ከበፊቱ የባሰ አዝኖ ይወጣል። ልቤን ወሰደው።

ወደ መጨረሻው ላይ ማሙሽ ብቻውን ቆመ። ከኋላው ነጭ ግድግዳ አለ። ጸጥታው ረዘመ። አይሆንም፣ አልኩ። አንድ ጊዜ ጓ አለ። ፊቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ፤ አገጩ፣ አፉ፣ ዓይኑ ፎጣው ውስጥ ገባ። ግድግዳው ብቻ ቀረ።

ጠበቅሁ። አሁን ሰው ይሮጣል አልኩ። አሁን አንዲት ሴት ትጮኻለች። ማንም አልመጣም። ግድግዳው እንደቆመ ቆየ። ቀጥሎ ሰዎች ተቀምጠው ሾርባ ሲጠጡ ታዩ።

ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ ደረት መምታት ትቻለሁ። እጄ ግን አልሰማም ኖሯል። ከየት እንደወጣ የማላውቀው ድምፅ ከሆዴ ወጣ። ሙሾም ወጣኝ፦

አባት አለኝ ብሎ ጎንበስ እንዳለለት፣
ቀና ሳይል ቀረ፣ አልቃሽ የሌለለት።

ወደ ልቤ ስመለስ የታደሰ ነጭ ሸሚዝ በካውያው ሥር እየጨሰ ነው፤ በሩም ይንኳኳል። ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ከፈትኩ። እትዬ ዘነበች ናት፣ በባዶ እግሯ።

«ምነው? ምነው አንቺ?»

«ምንም አይደለም፣ እትዬ ዘነበች።»

ዓይኔን አየች። ፀጉሬን አየች። የተዘጋውን መጋረጃ፣ ጨርቅ የለበሰውን ቴሌቪዥን፣ የተቃጠለውን ሸሚዝ አየች። ሳትከራከረኝ ትሄዳለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። «አይዞሽ» ብላ ወረደች። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን አመለጥኩ ብዬ ፊቴን ታጠብኩ።

ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፈተ። ታደሰ ነው። ታደሰ ሥራውን አቋርጦ መጥቶ አያውቅም፤ ሜሮን የተወለደች ቀን እንኳ ሺፍቱን ጨርሶ ነው የደረሰው። አላየኝም። መኝታ ቤት ገብቶ ጥቁር ሱፉን ለብሶ ወጣ። ትከሻዬን ነካ አደረገና ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ታደሰ?»

«እ?»

«ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

ቀጥሎ የቸርቻችን ሽማግሌ ጋሼ ክፍሌ ገቡ። ሳክሲ ከሚባለው ከተማ ድረስ፣ በዚያ ሙቀት፣ የሱፍ ልብስ ከነክራቫቱ። ጎንበስ ብለው እጅ ነሱኝ። እኔም ጎንበስ አልኩ። ከኋላቸው ሌሎች ወንድሞች ገቡ፣ ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል፣ አንዳቸውም አይናገሩም። ተጣጣፊ ወንበር ይዘው ነበር። ወንበር ይዞ የሚመጣ እንግዳ ለምን እንደሚመጣ እኛ እናውቃለን።

በተርታ ተቀመጡ። መጋረጃው እንደተዘጋ ነው። ጣሪያው ላይ ፋኑ ይዞራል። ከፊሉ ፊታቸው ጨለማ ውስጥ ነው፤ ነጭ ሸሚዝና እጅ ብቻ ይታየኛል። እትዬ ዘነበች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ ድስት ይዛ ገባችና በሩ አጠገብ ቆመች።

እናቴ ናት አልኩ። እናቴ ሞታለች።

ለቅሶ አልመጣልኝም። የመጣልኝ ሌላ ሐሳብ ነው። ማንም አልተናገረም። እስካልተናገሩ ድረስ እናቴ አለች። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ አፉን ሲከፍት ነው የምትሞተው። ሶ፣ አፋቸውን እንዳይከፍቱ አደርጋለሁ።

ውሃ አቀረብኩ። ጋሼ ክፍሌ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሻይ አቀረብኩ። «እንግዲህ…» ሲሉ ስኳር አቀረብኩ። ታደሰ ቀና ሲል ብስኩት አፉ አጠገብ አደረስኩለት። ይጠጣሉ፣ ያዩኛል። እኔም አያቸዋለሁ። ፋኑ ይዞራል። ጸጥታው ረዘመ፤ እኔ ደግሞ ጸጥታ ሲረዝም ምን እንደሚሆን ተምሬያለሁ። በልቤ «ጌታ ሆይ፣ ጥቂት ደግሞ አስረዝመው» እላለሁ። ሻዩ አለቀ። ውሃውን እንደገና አመጣሁ።

በዚህ መሐል ሜሮን ካሴት በብብቷ ይዛ ከሥራ ገባች። ቆመች። የተደረደሩትን ሰዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ አየች።

«ኦ ማይ ጋድ» አለች። «ልክ እንደ ፊልሙ።»

«ሜሮን!» አለ ታደሰ።

«ማሚ፣ ማነው የሞተው?»

ያ ሁሉ ትልቅ ሰው ያልደፈረውን ልጅ ደፈረው። ዓይኔን ጨፈንኩ። መልስ ጠበቅሁ። መልስ አልመጣም። ዓይኔን ስገልጥ ሁሉም ወደ እኔ ያያሉ።

«ጋሼ፣ አንተ ታውቃለህ?» አለቻቸው ሜሮን። አንቱታ ገና አልሰመረላትም።

«እኔማ… ማለቴ፣ እኛ የመጣነው እናትሽን ልናጽናና ነው» አሉ ጋሼ ክፍሌ።

«በምን?» አልኩ።

«እሱን አንቺ ነሽ እንጂ የምታውቂው።»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እናንተ ልትነግሩኝ መጥታችሁ!»

«እኛ? ታደሰ ነው ኑ ያለን።»

ታደሰ ተነሳ። «እትዬ ዘነበች ሥራ ቦታ ኮል አድርጋ ‹ቶሎ ና፣ ሰው ይዘህ ና› አለችኝ። መርዶ ሰምተሽ መስሎኝ ነው!»

ሁሉም ወደ እትዬ ዘነበች ዞሩ። ድስቱን አስቀመጠች። «ታዲያ ምን ላድርግ? ጩኸቷ ጣሪያዬን ሰነጠቀው! ቴሌቪዥን ሸፍና፣ ልብስ አቃጥላ፣ ዓይኗ አብጦ ‹ምንም አይደለም› ትለኛለች። እንዲያ ተደርጎ የሚለቀሰው ለእናት ነው። ጴንጤ ስትሆን ደግሞ ሙሾ ማውረድ አትችልም ብዬ እንቃት ነበር፤ እመብርሃን ምስክሬ ናት፣ እንደዚያ ያለ ሙሾ ሰምቼ አላውቅም።»

«ሶ፣ ለማን ነው ያለቀስሽው?» አለ ታደሰ።

ሽማግሌ ፊት አይዋሽም። «ለማሙሽ» አልኩ።

«የማን ማሙሽ?»

በጣቴ ቴሌቪዥኑን አሳየሁ።

ጋሼ ክፍሌ ለረጅም ጊዜ ፎጣውን አዩ። ወንድሞች ጫማቸውን አዩ። አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ተግሣጽ እንደሚመጣ አውቄ አንገቴን ደፋሁ።

«አማኝ ሆነሽ፣ ለወሮበላ ታለቅሻለሽ?» አሉ።

«የሚያለቅስለት አልነበረም፣ ጋሼ።»

  በዚያ ቤት የተቀመጡት ሰዎች በእኔ ዕድሜ ያሉ፣ ከዚያም በላይ ያሉ ናቸው። ያንን ዘመን ሁላቸውም ያውቁታል፤ ልጁ ደጃፉ ላይ ተጥሎ ወላጅ እንዳያለቅስ የተከለከለበትን። ወንድሜን በር ላይ ባገኘነው ቀን እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነው የዋለችው። መንገደኛው ረግጦት እንዳይሄድ ብቻ ሲዞርለት፣ እኔ በመስኮት አይ ነበር። ግድግዳው ነጭ ነበር።

ጋሼ ክፍሌ መነጽራቸውን አወለቁ። «በእኛም ሰፈር…» ብለው ጀመሩና ተዉት። ቆይተው፣ «እስቲ ፎጣውን አንሺው። እኛም እንመርምረው» አሉ።

እንዲህ ነው እንግዲህ የቸርች ሽማግሌና የጎንደር ኦርቶዶክስ እኔ ቤት ለቅሶ ወንበር ላይ ተቀምጠው የጃፓን ወሮበላ ያዩት። ሜሮን ካሴቱን ወደ መጀመሪያው አጠነጠነችው። ያለ ፎጣ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ማሙሽ ብቅ አለ። ያው የሚያሳዝን ዓይን። ሰዎቹ ሄዱ፤ እሱ ወደ ኋላ ቀረ። የወደቀው ሰው ላይ ጎንበስ አለ። እጁ ታየ። እጁ ላይ ቢላ አለ።

ለሁሉም ጎንበስ ይላል ብዬ አልነበር? ለሁሉም ነው። ሌሎቹ የጀመሩትን ሁሉ የሚጨርሰው እሱ ነው። ከፎጣው በላይ ደጉ ሳምራዊ፣ ከፎጣው በታች ያ። ፊቱ ግን አልዋሸም፤ በእያንዳንዱ ያዝናል። ይህ ነው ያስፈራኝ። ከመቅደዱም፣ ከመስበሩም ሁሉ በላይ ያስፈራኝ እውነት ማዘኑ ነው።

«ይሄ ነው ማሙሽሽ?» አለ ታደሰ።

«ተወኝ።»

ማሙሽ ወደቀ። አሁን ሙሉው ታየ፤ ሲሚንቶው ላይ ተኝቷል፣ አንድ እግሩ ጫማ የለውም። ከዚያ ሾርባው መጣ። እትዬ ዘነበች አፍንጫዋን ጠረገች።

«ነፍሰ ገዳይ ነው እኮ፣ እትዬ ዘነበች» አለ አንዱ ወንድም።

«ቢሆንስ? የወለደችው የለችም?»

ጋሼ ክፍሌ ተነስተው ቴሌቪዥኑን አጠፉ። አልገሠጹኝም። ጸሎት አደረጉ፤ ስለ ማን እንደሆነ አልተናገሩም፣ እኛም አልጠየቅንም። ከዚያ ለለቅሶ የመጣውን ምግብ በላን። በቂ ነበር፣ ጌታ ይመስገን።

ሰዉ ከሄደ በኋላ ግን ልቤ አልተመለሰም። ባለ ወንበሮቹ እውነቱን ይዘው መጥተው፣ የልጅቷ ጥያቄ አስደንግጧቸው ቢያለባብሱትስ? ታደሰን ያዝኩት።

«እውነቱን ንገረኝ።»

«ምንም አልሰማሁም። ደህና ናት።»

ደህና ናት አለ። ናዝሬት እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር፤ የሰው ቤት ስልክ አይደወልም። በአልጋዬ ላይ ሆኜ ስለ እሷ እንደ ሕያው ልጸልይ ወይስ እንደ ሌላ፣ አላወቅሁም። እንደ ሕያው ጸለይኩ።

በማግስቱ ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ተነስቼ ደወልኩ። መስመሩ እንቢ አለ፤ ደግሜ ደወልኩ። ጎረቤቷ አነሳች። «ደህና ናት» አለች። «ጥሪልኝ» አልኩ። «ዝናብ ነው እኮ።» «ጥሪልኝ።»

ቆየሁ። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይሰማኛል። በር ተከፈተ። ስልኩን ሰው አነሳው፤ አልተናገረም። ትንፋሽ ብቻ ነው የሚመጣው፣ ሮጦ የመጣ ሰው ትንፋሽ።

«እማዬ?»

 ቀስ ብላ፣ «ተናገሪ ልጄ። እችለዋለሁ» አለችኝ።

መሬት ተቀመጥኩ። በሥራ ቀን፣ በረቡዕ፣ ከአሜሪካ ስልክ መጣ ተብላ ነው በዝናብ የሮጠችው።

«ማንም አልሞተም፣ እማዬ። ድምፅሽን ልሰማ ነው።»

«አትደብቂኝ። ታደሰ ነው?»

«ደህና ነው።»

«ደህና ነው አትበዪኝ። አምጪው።»

ታደሰን ቀሰቀስኩት፤ ዓይኑ ሳይከፈት «አለሁ፣ እማማ» አላት። «ልጅቷስ?» አለች። ሜሮንን ከነብርድ ልብሷ ጎተትኩ። «ሃይ አያቴ፣ አይ አም ፋይን፣ አልሞትኩም» አለች። እናቴ ማልቀስ ጀመረች፤ ጮክ ብላ፣ አፏን ሳትሸፍን። እኔም ጀመርኩ። ወዲያው ደረጃው ላይ የባዶ እግር ሩጫ ተሰማ። በሩን ከፍቼ፣ ምንም ሳልል፣ ስልኩን ለእትዬ ዘነበች ሰጠኋት።

ፊቴን አየች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«እኔም አለሁ፣ እማማ» አለች።